የጠፋ ሞተር፣ የሚዞር ጎማ፦ አውቶማቲክ መኪኖችን ስለ መጎተትና ቁልቁለት ስለ መልቀቅ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ትምህርታዊ መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኮረ ነው። ሞተሩ በጠፋ አውቶማቲክ መኪና ውስጥ ጎማው ሲዞር ምን ይሆናል? ጎማው የሚዞረው መኪናው ተበላሽቶ በገመድ ስለሚጎተት ሊሆን ይችላል። አለዚያም አሽከርካሪው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ስለለቀቀው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ድርጊቶች ለእኛ የተለያዩ ይምሰሉን እንጂ ለካምቢዮው አንድ ናቸው፤ ከሞተሩ ምንም ሳያገኝ ከጎማው በኩል በግድ ይዞራል።

ጥያቄውን ከአካባቢያችን መልክዐ ምድር ብጀምረው ይሻላል። በሊቦ ከምከም ወረዳ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ካለው ከጣራ ገዳም ከፍታ ቁልቁል ሲታይ የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ይገኛል። ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚመረትበት ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ምሥራቅ ግን መሬቱ በፍጥነት ይነሣል፤ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ውስጥ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር የሚቀጥለውም መንገድ ሜዳውን ትቶ ዳገት ይይዛል። ስለዚህ ወደ ወረታ የሚገባ አሽከርካሪ፣ ከደብረ ታቦርም ይምጣ ከጎንደር፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚወርድ ነው። ከደብረ ታቦር ለሚመጣው 900 ሜትር ገደማ ከፍታ በነጻ የተሰጠው መስሎ ይታየዋል። በክረምት ደግሞ ሜዳው በጎርፍ ይዋጣል፤ ውኃ ገብቶበት የጠፋ መኪና በትራክተር ወይም በአይሱዙ ተጎትቶ ይወጣል። መልቀቅም መጎተትም እዚህ የዘወትር ጉዳይ ናቸው ማለት ነው።

ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተፈጠረ ሳንረዳ ልንነቅፈው አይገባም። የአገራችን የመኪና ዕውቀት የተገነባው በማኑዋል መኪና ላይ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከቃላቱ ጋር የገባው መኪናም በእጅ ማርሽ የሚሠራ ነበር። ባትሪው የደከመበትን መኪና መንገደኛው ተረባርቦ ይገፋዋል፤ ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ሞተሩ ይነሣል። የተበላሸውን መኪና በገመድ አስረው 50 ኪሎ ሜትር ይጎትቱታል፤ ደርሶም ይጠገናል። ይህ ዕውቀት ሐሰት አልነበረም፤ ለዚያ መኪና ትክክል ነበር።

የባጃጁን ነገር እንመልከት። በወረታም በአዲስ ዘመንም ብዙ ወጣት መንዳት የሚጀምረው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ የፍሬኑ ክብደት አይለወጥም፤ ከመጀመሪያውም ከሞተሩ የሚያገኘው እገዛ የለውምና። መሪውም ያው ነው። ማርሾቹ በዘይት ውስጥ ተነክረው ስለሚዞሩ ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። እንግዲህ ያ ወጣት ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ተበድሮ ቪትዝ ሲገዛ አብሮት የሚሄደው ትምህርት «ሞተር ቢጠፋም ምንም አይሆንም» የሚል ነው። ትምህርቱ በልምድ የተረጋገጠ ስለሆነ በምክር ብቻ አይነቀልም፤ በአውቶማቲኩ ውስጥ ያለውን ነገር ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ካምቢዮውን እንክፈት። በማኑዋል መኪና ሞተርንና ካምቢዮን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ዲስኩ ተጨምቆ ሲጣበቅ ኃይል ይተላለፋል። በተለመደው አውቶማቲክ መኪና ይህን ቦታ የያዘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ ነው። በውስጡ በሞተሩ የሚዞር ተርባይን መሰል ክፍል ዘይቱን ይወረውራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሁለተኛው ክፍል በተወረወረው ዘይት ግፊት ይዞራል። ሐሳቡን በመጀመሪያ ያፈለቀው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልነበረም። ከኮንቨርተሩ በኋላ የፕላኔት ማርሾች ይገኛሉ። በመካከል የፀሐይ ማርሽ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ ትናንሽ ማርሾች፣ ከውጭ ደግሞ የቀለበት ማርሽ አለ። የትኛው ተይዞ የትኛው እንዲዞር የሚወስኑት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሳህኖች ናቸው።

ልብ በሉ፤ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘይት ነው። ሳህኖቹን የሚጨምቀው ዘይት ነው። ማርሾቹን የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው ያው ዘይት ነው። ይህን ሁሉ ዘይት የሚገፋው አንድ ፖምፓ ሲሆን እርሱም በቶርክ ኮንቨርተሩ አንገት በኩል ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይዞራል። ሞተሩ ሲቆም ፖምፓው ይቆማል፤ ጎማው ግን አልቆመም።

ቁጥሩን ራሳችን እናስላው። በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ የተገጠመ የቪትዝ ጎማ ዙሪያ ርዝመት 1.8 ሜትር ያህል ነው። መኪናዋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጎተት በየደቂቃው 1,000 ሜትር ትሄዳለች፤ ጎማው በደቂቃ ወደ 550 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉን ሬሾ 4 ለ 1 ብንወስድ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዘንጉ ላይ የተያያዙት ትናንሽ የፕላኔት ማርሾች ደግሞ በየፒናቸው ላይ፣ እንደ አሠራራቸው ሁኔታ፣ ከዚህ በላቀ ፍጥነት ሊሽከረከሩ ይችላሉ። በላያቸው የቀረው የዘይት ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ፒኑ ይሰማያዊ፣ ቡሹ ይፈጋል፣ የብረቱ ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል።

የችግሩ ክፋት ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይደርሳል፤ የተበላሸው ዕቃ ይለወጣል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። ብናኙ ግን በዘይቱ እየተዘዋወረ ቫልቮቹን መጨናነቅና ሳህኖቹን መብላት ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ይመታል፤ ወይም ጋዝ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም። ያን ጊዜ ሁሉም «ካምቢዮው አርጅቶ ነው» ይላል፤ ከወር በፊት የነበረውን ገመድ ማን ያስታውሰዋል? ምክንያትና ውጤት በጊዜ ሲራራቁ ልማድ አይታረምም። በእኔ ግምት ልማዱ እስከ ዛሬ የቆየበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ሽማግሌ መካኒኮች አንዳንድ ጊዜ «ድሮ አውቶማቲክም ይጎተት ነበር፤ ተገፍቶም ይነሣ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ፣ ለ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በኦልድስሞቢል መኪና ላይ የወጣውና በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ሁለት ፖምፓዎች ነበሩት። የፊተኛው በሞተሩ ይዞር ነበር፤ የኋለኛው ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ፣ ማለትም በጎማው ይዞር ነበር። ጎማው ከዞረ ዘይት ነበረ፤ ግፊቱ ሲበቃም ሳህኖቹ ተጨብጠው ሞተሩን ያስነሡ ነበር። አምራቾቹ ይህን ሁለተኛ ፖምፓ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገደማ ማስወገድ ጀመሩ፤ ለምሳሌ ክራይስለር ከቶርክፍላይት ካምቢዮው ያወጣው ለ1966 ሞዴል ነው። ወጪና ክብደት ቀነሰላቸው፤ ባትሪና ማስነሻ ሞተርም አስተማማኝ እየሆኑ ስለ መጡ መግፋት ያን ያህል አያስፈልግም ተባለ። ዛሬ አውቶማቲክ መኪና ቢገፉት የማይነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚገፋው ሰው ቢበዛ እንኳ ሳህኖቹን የሚጨምቅ ግፊት የለም።

ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብዙዎቹ ቪትዞችና ሌሎች ትናንሽ የጃፓን መኪኖች የተገጠመላቸው ይህ ካምቢዮ በሁለት ጥንድ ሾጣጣ ፑሊዎች መካከል በሚሄድ የብረት ቀበቶ ይሠራል። ቀበቶው እንዳይንሸራተት አጥብቆ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። ግፊት በሌለበት ፑሊው ከጎማው በኩል ሲዞር ቀበቶው ይንሸራተታል፤ የፑሊውን ለስላሳ ገጽ አንድ ጊዜ ከቧጨረው መመለሻ የለውም። ኒሳንን የመሳሰሉ አምራቾች የሲቪቲ መኪና የፊት ጎማዎቹ መሬት ነክተው እንዳይጎተት በጥብቅ የሚያስጠነቅቁት ስለዚህ ነው። ለተለመደው አውቶማቲክ አንዳንድ አምራቾች በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ላልበለጠ ርቀት ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ ከዚህ ያነሰ ፈቅደዋል፣ ወይም ጨርሶ ከልክለዋል። የመኪናው የራሱ መመሪያ መጽሐፍ ይታይ። መጽሐፉ በጃፓንኛ ቢሆንም እንኳ ሥዕሉ ይናገራል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ማኑዋል ካምቢዮም ከዚህ አደጋ ፍጹም ነጻ አይደለም። በብዙ የኋላ ጎማ መንጃ መኪኖች ሞተሩ ጠፍቶ በፍሪ ማርሽ ሲጎተቱ ዘይቱን የሚረጨው የታችኛው ዘንግ አይዞርም፤ የላይኛው ብቻ ይዞራል። የከባድ መኪና ካምቢዮ አምራቾች መኪናው ከመጎተቱ በፊት ካርዳኑ ወይም አክስሉ እንዲፈታ የሚያዙት ለዚህ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ አንዱ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል፣ ሌላው አይታገሥም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ንብረት ነው። ስለ ፍሬን ስንናገር ግን የምንናገረው ስለ ሰው ነው።

የቤት መኪና ፍሬን ፔዳል ለስላሳ የሚሆነው ሰርቮ የሚባለው መሣሪያ እግራችንን ስለሚያግዝ ነው። ሰርቮው የሚሠራው በቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያ ውስጥ በሚፈጠረው ባዶ ግፊት ነው፤ በናፍጣ ሞተር ደግሞ በሞተሩ በሚዞር የተለየ ፖምፓ። ሞተሩ ሲጠፋ በሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ለአንድ፣ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ጊዜ መርገጥ ያህል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ግን ተጨንቆ ሲረግጥ «እምቢ አለኝ» የሚለው ሾፌር ይህንኑ ነው የሚነግረን። በትልልቅ የአየር ፍሬን መኪኖች ላይ አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰርም በሞተሩ ይዞራል፤ ቁልቁለቱን ሁሉ ሲረግጡ ሲለቁ ከወረዱ ጋኑ ይራቆታል። መሪውም በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ ይከብዳል፤ በሹል መታጠፊያ ላይ ይህ ብቻ ይበቃል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው በማዞር መሪው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያም ባረጁና ብዙ ጊዜ በተነካኩ መኪኖች ላይ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ከዚህ በላይ የሙቀቱ ጉዳይ አለ። በመቶ ሜትር 7 ሜትር የሚወርድ፣ 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልቁለት እንውሰድ፤ 280 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 27 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል መጣል አለበት። ጎማዎቹ ከመንገዱ ጋር ሲታገሉ የሚበሉት ጥቂቱን ነው፤ ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጋው በሞተር ብሬክ ወይም በፍሬን መጣል አለበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በእነዚያ 6 ደቂቃዎች ፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አራት መንገደኞች የያዘች ቪትዝ በበኩሏ 7 ሊትር ያህል ታፈላለች። ሞተሩ ጠፍቶ ወይም ማርሹ ፍሪ ሆኖ ከተወረደ ይህ ሙቀት ሁሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራዎቹና በዲስኮቹ ላይ ብቻ ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱም ይፈላል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ መፍላት ይጠበቅበታል፤ ከአየሩ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርድለታል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚለወጥላቸው መኪኖች ግን ስንት እንደ ሆኑ የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ያውቁታል።

አሁን ሾፌሩ «ታዲያ ነዳጁስ?» ይለኛል። መልስ ይገባዋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ በጨመረ ዋጋ የሚሠራን ሰው «ስለ ነዳጅ አታስብ» ማለት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ እናስብለት።

በካርቡራተር ዘመን በማርሽ ሲወረድም ሞተሩ ነዳጅ ይስብ ነበር፤ በፍሪ መልቀቅ ያተርፋል የሚለው እምነት የመጣው ከዚያ ነው። የዛሬዎቹ የኢንጄክሽን ሞተሮች ግን በኮምፒውተር ይታዘዛሉ። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ሲወርድና እግር ከጋዙ ላይ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነውና። ፍሪ ማርሽ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ ነዳጅ መሥራት ይኖርበታል፤ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በዚህ ሁኔታ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። እንግዲህ ግማሽ ሰዓት ቁልቁለት በፍሪ የወረደ ሾፌር ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር አቃጠለ፤ በማርሽ የወረደው በዚያው ቁልቁለት ወደ ዜሮ ተጠጋ። ሞተሩን ያጠፋውም ያው ዜሮ ነው። ሾፌሩ በከንቱ ደከመ እንጂ ከሁለተኛው ምንም አላተረፈም።

ሾፌሩ በጥቂቱ ልክ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ያላለ ሲሆን፣ በማርሽ ላይ ያለ መኪና እየቀዘቀዘ ጋዝ ይጠይቃል፤ በፍሪ ያለው ግን ይንሸራተታል። በፎገራ ሜዳ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ መንገድ አይጠፋም። የሚተርፈው ግን የጥቂት ብሮች ቤንዚን ነው፤ በሌላኛው ወገን ያለው የካምቢዮ ጥገና ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በፍሪ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ በሕግ የተከለከለ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

በአውቶማቲክ መኪና በትክክል መውረድ ከባድ አይደለም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መምረጫውን ከዲ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ማውረድ፣ በሲቪቲዎች ደግሞ ቢ ወይም ኤስ የተባለውን መምረጥ ነው፤ የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ያላቸው መኪኖች ኦቨርድራይቩን ያጥፉ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ብዙ ሰው ጩኸቱን የነዳጅ ጩኸት አድርጎ ስለሚቆጥረው ይፈራዋል፤ በዚያን ሰዓት ግን ሲሊንደሮቹ አየር ብቻ ነው የሚያምቁት።

ስለ መጎተት ያለኝ ሐሳብ ግን ከሾፌሩ ይልቅ ወደ እኛ፣ ወደ አካባቢው ያዘነብላል። «በጠፍጣፋ መኪና ላይ ጭነህ ውሰደው» ማለት ቀላል ነው። በባሕር ዳር ክሬን ይገኝ ይሆናል፤ በዓለም በር ቁልቁለት ላይ በሌሊት የቆመ ሰው ግን ያለው ገመድ ብቻ ነው። ቪትዝ የፊት ጎማ መንጃ ስለሆነች ፊቷ ተነሥቶ፣ የእጅ ፍሬኗ ተለቅቆ በኋላ ጎማዎቿ ብትሄድ አትጎዳም፤ ኋላዋን አንሥቶ በፊት ጎማዎቿ መጎተት ግን ከገመድ አይሻልም። የኋላ ጎማ መንጃ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄደውን ካርዳን መፍታት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ባለ ትራንስፈር ላንድክሩዘር ከሆነ ትራንስፈሩን ኒውትራል ማድረግ ካምቢዮውን ከጎማው ይለያል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በየዕለቱ በዓይናችን ፊት ያልፋል። ሽንኩርትና ሩዝ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ብዙ ነው። ቪትዝ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም፤ ክብደቷም አንድ ቶን ገደማ ነው፤ በአይሱዙ ጭነት ወለል ላይ ትመቻለች። የጎደለው መኪናዋን ወደዚያ የምናወጣበት ነገር ነው። በወረታ፣ በዓለም በርና በአዲስ ዘመን መግቢያ አንድ አንድ የአፈርና የድንጋይ መወጣጫ፣ ቁመቱ የአይሱዙ ወለል ያህል የሆነ፣ ቢሠራ ክሬን ሳይጠበቅ መኪና ይጫናል። ወጪው የጥቂት ቀን የጉልበት ሥራ ነው። ይህን ሐሳብ ለከተማ አስተዳደሮቹ በጽሑፍ ለማቅረብ አስቤአለሁ፤ ከተማሪዎቻችን መካከል የመወጣጫውን ስሌትና ንድፍ እንደ መመረቂያ ሥራ የሚወስድ ካለ በደስታ አማክረዋለሁ። አስቸጋሪው ጥያቄ የአፈሩ መሸከም ሳይሆን በክረምት መንሸራተቱ ይመስለኛል።

ጉዳዩ አሁን መነሣቱም ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ከዚህ በኋላ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የሌላቸው፣ ለሾፌሩ ሁሉም «አውቶማቲክ» የሆኑ ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ጎማውና ሞተሩ ምንጊዜም ተያይዘው ይዞራሉ። ሞተሩ ደግሞ ቋሚ ማግኔት ካለው በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ጄኔሬተር ነው፤ መኪናው «ጠፍቷል» ብንልም እየተጎተተ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የመቆጣጠሪያ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። በመውረድ በኩል ግን ለቁልቁለታችን የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሲወርዱ ባትሪያቸውን ይሞላሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። በደብረ ታቦር ባትሪውን እስከ ጫፍ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው፣ ባትሪው ተጨማሪ መቀበል ስለማይችል፣ ያን እገዛ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አያገኘውም ወይም በከፊል ብቻ ያገኘዋል። ከፍታ ላይ የሚያድር መኪና ለጥቂት በመቶ ቦታ ትቶ ቢሞላ ይመረጣል።

ከዚህ በኋላ መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።

(ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች)

አንድ አሽከርካሪ፦ ዶክተር፣ እኔ ሳላጠፋው ሞተሩ በራሱ ቁልቁለት ላይ ቢጠፋብኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ፍሬኑን እየደጋገሙ አይርገጡ፤ የተጠራቀመውን እገዛ ያባክናሉ። አንድ ጊዜ አጥብቀው ይርገጡና ይዘው ይቆዩ። መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ይከብዳል እንጂ ይዞራል። ጊዜና ቦታ ካለ መምረጫውን ወደ ኤን አድርገው ሞተሩን እንደገና ያስነሡ፤ በዲ ላይ አይነሣልዎትም። መኪናው እየሄደ ወደ ፒ እንዳይገቡ፤ በውስጡ ያለች ትንሽ የብረት ጥርስ ብቻ ናት የምትይዘው፤ ትሰበራለች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ። ሲቆሙ ረዳት ካለ ቶሎ ታኮ ያድርግ፤ ከሌለ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ፤ ሲሄዱ ግን ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሡ።

አንድ ተማሪ፦ የሚጎተተው መኪና ሞተር ጤነኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተበላሸው ራሱ ካምቢዮው ከሆነ፣ ሞተሩን አስነሥቶ መጎተት መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ ፖምፓው ይዞራል፤ ስለዚህ ከጠፋው ይሻላል፤ ፍሬንና መሪም እገዛ ያገኛሉ። ነገር ግን ካምቢዮው ራሱ ታሞ ከሆነ የተሰበረው ብረት በዘይቱ አብሮ ይዞራል። ለጥቂት ኪሎ ሜትር፣ በዝግታ፣ መኪናውን ከአደገኛ ቦታ ለማውጣት ያህል እቀበለዋለሁ። ዓለም በር ቆሞ ባሕር ዳር ድረስ ግን አይሆንም።

አንድ የጋራዥ ባለሙያ፦ ባለፈው ክረምት አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ርብ ማዶ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ከዚያ ማውጣትስ መጎተት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ነው፤ ግን ከውኃ ለማውጣት የሚሄደው ርቀት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት ከተሳበ ሞተሩ የሚያመነጨው እጅግ ጥቂት ነው፤ መምረጫው ኤን ላይ መሆን የሚችል ከሆነ ይሁን። ከመሳብዎ በፊት ሰው ሁሉ ከመኪናው ይውጣ፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ማንም አይንካ። ደረቅ መሬት ላይ ከደረሰ በኋላ በጎማው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳይሄድ፤ ተጭኖ ይሂድ። ባትሪው ውኃ ገብቶበት ከሆነ ከቀናት በኋላም ሊነድ ስለሚችል በጋራዥ ውስጥ አያስገቡት፤ ከቤትና ከሌሎች መኪኖች አርቀው ሜዳ ላይ ያቁሙት።